የአለቃ አሥረኛ ቀን

«ዛሬ ያበቃለታል፤ ከዛሬ በኋላ የሚያግድህ የለም» ሲል ሰማሁት፣ ልጄን። እኔ ከተሰጣው አንሶላ ወዲህ ነኝ፣ እሱ ወዲያ ነው። አንሶላው ሰፊ ነው፣ ገና ውኃው ያልተንጠፈጠፈ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፤ እግሬን ካላየ በቀር እኔን የሚያይበት መንገድ የለውም፣ ስልክ የሚያወራ ሰው ደግሞ የሰው እግር አያይም። የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሴ እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመረም። «እሺ፣ እሺ፣ በኋላ» ብሎ ዘጋና ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም በሌለበት ጉሮሮ መጥረግ ምን የሚሉት ነው? ከዚያ በአንሶላው ጥግ ብቅ ሲል ተገጣጠምንና ክው አለ። «እማዬ፣ እዚህ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ቤት ውስጥ መስለሽኝ» አለኝ። መቆንጠጫውን ከአፌ አውጥቼ «ቤቴ እስከ የት ድረስ እንደሆነ ጠፋህ? ግቢውም ቤቴ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ያበቃለታል የተባለው ማን እንደሆነ ለመገመት ሩቅ አልሄድኩም። ውሻዬ አለቃ ከውኃ ታንከሩ ሥር በሰንሰለት ከታሰረ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። እኔ ለዓይኔ ጠብታ ክሊኒክ በተሰለፍኩበት፣ ምራቴም ክርና ዚፕ ልትገዛ በወጣችበት ረፋድ፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ደላላ ነከሰ። ደላላውን ሰፈሩ ሽቶው ይለዋል፤ እሱ ካለፈ በኋላ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ይሸታል። ስመለስ ሰውየው ሄዷል፣ ሽታው አለ፣ ልጄ በሩ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ይጠርጋል። «በሩ ክፍት ሆኖ የሚከራይ ክፍል አለ ወይ ሊል ሲገባ ዘለለበት» አለኝ። ልጄ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት እየቆረጠ መሆን ነበረበት። «አንተስ በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?» ስለው መታወቂያውን ረስቶ እንደተመለሰ ነገረኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን መታወቂያ! ዋጥ አደረግኩት። ክሊኒክ ውሻ የነከሰው ሰው ሲመጣለት ለደንብ ጽሕፈት ቤት ይጽፋል፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ለእኛ ጻፈ፤ ውሻው አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ፣ ካላበደ በአሥረኛው ቀን በስምንት ሰዓት ከነባለቤቱ ይቅረብ፣ መመለሱ ወይም መወገዱ በደንቡ መሠረት ይወሰናል። መወገድ ማለት መርፌ ነው። ወረቀቱን ያነበበልኝ ልጄ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም፤ የቆጠሩትን ሁሉ ሳያቸው ኖሬያለሁ። ግን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን በጣም ቶሎ አጠፈው። ይህን ለማየት ፊደል አያስፈልግም።

ልጄና ሚስቱ እኔ ዘንድ የገቡት ባሌ ከተቀበረ በኋላ ነው፣ ስምንት ወር ይሆናቸዋል። «ብቻሽን አትሆኚም» ብለው መጡ። ብቻዬን አለመሆኔ፣ አለቃ መኖሩ፣ ለሁለቱም አልታያቸውም። ለመንገድ የቀረበውን ክፍል ለቀቅኩላቸው፤ ምራቴ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋበታለች። እኔ ወደ ጓሮ የሚያየውን ያዝኩ። መካከላችን አንድ ግድግዳና አንድ ቴሌቪዥን አለ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እነዚህ ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ስገባ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ወሬው ያልቃል። ልጄ አንድ ሰሞን «እማዬ፣ ጣሪያው እኮ ያፈሳል» ይለኛል፣ ሌላ ሰሞን «እማዬ፣ ጉልበትሽ ለዚህ ደረጃ አይሆንም» ይለኛል፣ አንድ ቀን ደግሞ እንደ ዋዛ «ሊፍት ያለው፣ ውኃ የማይጠፋበት ፎቅ ቤት አይቻለሁ» አለ። «ውሻ ያስገባል?» አልኩት። «አያስገባም።» «እንግዲያው እኔንም አያስገባኝም» አልኩና ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ። ቀረ ብዬ ነበር።

ለስምንት ሰዓቱ ቀጠሮ ብሎ ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ቁርሱን እንደጨረሰ «የአለቃን የአፍ ማሰሪያ ልግዛ» ብሎ ተነሳ፤ ውሻ አፉ ሳይታሰር ጽሕፈት ቤት አይገባም። ዋጋውን እኔ ትናንት ጠይቄ ነበር። አንድ ቁራጭ ቆዳና ሦስት ብረት፣ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ! ሻጩን «ይሄ ለውሻው አፍ ነው ወይስ ለአንተ አፍ?» ብዬው ወጣሁ። «ተወው፣ የአባትህ ቀበቶ ይበቃዋል» ስለው ልጄ አልሰማኝም፣ እንዲያውም ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ነበር በሩን የተሻገረው። ሰው የውሻ አፍ ማሰሪያ ሊገዛ ሲሄድ ማንን ያማክራል?

ምራቴ ማሽኗ ላይ ናት። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ዝምታዋ የጨዋ ይሁን የአድፋጭ ስምንት ወር አይቼ አልለየሁትም። መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ አንገትጌ ታጥፋለች። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አሥር ቀን ሙሉ በኩራት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ። «ለመሆኑ ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው አሉ፣ እማማ። አምስት ስፌት ነው። ቀኝ እጁ ስለሆነ ግን ለመፈረም ተቸግሮ…» አለችና መርፌዎቹን ከከንፈሯ ማውጣት ጀመረች፣ አንድ በአንድ፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«እጁን ነው እንዴ የነከሰው?»

«አዎ። መዳፉን፣ ከአውራ ጣቱ ሥር። አላወቁም እንዴ?»

«እግሩ መስሎኝ። ምን ሊፈርም ነው ደግሞ?»

«እንጃ እማማ። ሰው ይፈርም የለ እንዴ፣ እንዲሁ» ብላ ማሽኑን በኃይል ረገጠችው። አንገትጌው ጠማማ ሆኖ ተሰፋ። እሷ፣ በሚሊ ሜትር የምትሰፋ ሴት።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም። እጁ! አለቃ እጅ የሚነክስበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው፣ ያንን በዓለም ላይ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ባሌ ሠላሳ ስምንት ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ነበር። መጋዘን ላይ የሚገባ ሰው አይፈተሽም፣ የሚፈተሸው የሚወጣው ነው። ጡረታ ሲወጣ አንድ ቡችላ በካርቶን አመጣና አለቃ ብሎ ሰየመው። «ዕድሜዬን ሙሉ አለቃ ሲያዘኝ ኖሬያለሁ፣ አሁን ተራው የኔ ነው» ይልና ግቢው መሀል ቆሞ «አለቃ፣ ቁጭ በል! አለቃ፣ ዝም በል!» ሲል ከሩቅ የሚሰማው ሰው አብዷል ይል ነበር። ውሻውንም ያስተማረው የሚያውቀውን ሥራ ነው። ሰው ሲገባ አለቃ ከተኛበት አይነሳም። እኛን የቤቱን ሰዎች ምን ብንሸከም ዞሮ አያየንም። እንግዳ ሰው ከቤት ዕቃ ይዞ ብቻውን ወደ በሩ ሲሄድ ግን አይጮህም፣ አያስጠነቅቅም፣ ዕቃውን የያዘውን እጅ ነው። ስለዚህ ጎረቤት መዶሻ ሲዋስ፣ መሰላል ሲወስድ፣ ወይ ባሌ ወይ እኔ እጃችንን ዕቃው ላይ አድርገን እስከ ደጅ እንሸኛለን። ሰዉ የእንግዳ አክብሮት ይመስለዋል፣ «እንዴት ያለሽ ሸኚ ነሽ!» እያለ ያመሰግነኛል። ባሌ «ሌባ ከሰማ ይዘጋጅበታል፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ስላለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበር። እሱ የሚያውቀው አለቃ ሰው ሲገባ ቀና ብሎ የማያይ ሰነፍ ውሻ መሆኑን ነው፤ «ይሄ እኮ ለጌጥ ነው» እያለ ይስቅበታል።

ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ ቤቴን እንደ ሌባ እፈትሽ ጀመር። ሬዲዮው አለ። ግድግዳ ሰዓቱ አለ። የወርቅ ጉትቻዬ ከፍራሹ ጥግ በተሰፋበት ጨርቅ ውስጥ አለ፣ ዳሰስኩት። የባሌ የዘበኛ ካፖርት እንደተሰቀለ ነው፣ አዝራሮቹ ሳይቀሩ። አንድ ነገር አልጎደለም። ለአፍታ በራሴ አፈርኩ። ከዚያ ተንበርክኬ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥኑን ሳብኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ገላዬን ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም። ከፈትኩ። የባሌ የጡረታ ደብተር፣ የሠርጋችን ፎቶ፣ የቤቱ ካርታ በሰማያዊ ፕላስቲክ አቃፊው ውስጥ፣ ሁሉም በቦታው። አቃፊውን አወጣሁና እንዲሁ ለመዳሰስ ያህል ጣቴን ሳስኬድበት ጣቴ ጠለቀ። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ጠርዙ አጠገብ አራት ቀዳዳ አለ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፤ ካርታውም ውስጡ እዚያው ቦታ ላይ ተበስቷል፣ በአንደኛው ዙሪያ ቡኒ ነገር ደርቋል። የኔ ዓይን ደካማ ነው፣ ግን በቀዳዳው የጎረቤቴን ጣሪያ አየሁበት።

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ካርታዬ በሰው እጅ ሆኖ እስከ በሩ ሄዷል፣ ከበሩ ላይ ተነስቶ ተመልሶ ወደ ሳጥኔ ገብቷል፣ ሳጥኑም ተቆልፏል። ሽቶው እጁን ይዞ እየሮጠ ሳጥን አልቆለፈም። የሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ከባሌ የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ነበር፣ ማንጠልጠያውን ደግሞ ከሰዓቱ ጋር ለልጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ «የአባትህ መታሰቢያ» ብዬ፣ እያለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ ባለ ሱቁን፣ ቆጣሪ አንባቢውን፣ ሐኪሙን፣ ጎረቤቴን። ብዙ ጊዜ ልክ ሆኜ ተገኝቻለሁ፣ ልክ ስሆን ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን ደስ አላለኝም። ልጄ አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በዚህ ውሻ ፊት አልፎ ሥራ ሄዷል። ሰንሰለቱ አንገቱን ሲልጠው አይቷል። እኔ ቅባት ስቀባው «ይብላኝለት» ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባዶ እጁን ተመለሰ። «ዘግተዋል» አለ። በሥራ ቀን፣ በአምስት ሰዓት! ከባሌ ካፖርት ላይ ቀበቶውን አውጥቼ የአለቃን አፍ ራሴ አሰርኩት፤ ዝም ብሎ ሰጠኝ፣ ዓይኑን ብቻ ወደ ላይ አደረገ። አቃፊውን ከሹራቤ ሥር በሆዴ ላይ ታጠቅኩት። ምራቴ በመስኮቱ ታየናለች፣ ማሽኑ አይሰማም። ወጣን፤ ልጄ ሦስት እርምጃ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አለቃ ከጎኔ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ባለ ሱቁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «እትዬ፣ አለቃን ወዴት ነው? ሹመት ሊሰጡት ነው እንዴ?» አለ። «አንተን ከሚሾሙ እሱን ይሹሙ፣ እሱ ቢያንስ ሚዛን ላይ ጣቱን አያስቀምጥም» አልኩት። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሳቁ። ልጄ አልሳቀም። ዋናውን መንገድ ስንሻገር ክንዴን ያዘኝ፣ ማዶ ስንደርስ ለቀቀኝ። «እማዬ፣ ጨከን በዪ። እንስሳ ነው፣ ኖሯል፣ አርጅቷል» አለኝ። «እኔም አርጅቻለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ የተሰማው የሰንሰለቱ ድምፅ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ሽቶው። ሳላየው አሸተትኩት። «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» ብሎ ተነሳ፤ ቀኝ እጁ እስከ አንጓው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ልጄና እሱ ልክ እንደማይተዋወቁ ሰዎች አንገት ሰበር አድርገው ሰላም ተባባሉ። የእውነት የማይተዋወቁ ሰዎች ያን ያህል አይጠነቀቁም። አለቃ አላጉረመረመበትም። ጠጋ ብሎ የሰውየውን ግራ እጅ አየ፤ ባዶ ነው፤ ተመልሶ እግሬ ሥር ተኛ።

ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት፣ መነጽር ያደረገች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ማኅተም፣ የጣት ቀለም፣ ግማሽ የተጠጣ ውኃ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይንቋቋል። «ውሻው የእርስዎ ነው፣ እማማ?» አለችኝ። «ውሻውም የኔ፣ ቤቱም የኔ» አልኳት። ደንቡን አነበበችልን፣ ደግነቱ ቀስ ብላ። አንድ፤ በቤተሰቡ ፈቃድ ወይም በተከፈተ በር ለጉዳይ የገባን ሰው የነከሰ ውሻ ይወገዳል። ሁለት፤ ያለፈቃድ የገባን ወይም የተሰረቀ ንብረት ይዞ የሚወጣን ሰው የነከሰ ውሻ ለባለቤቱ ይመለሳል። «የኔ ሥራ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው» አለችና ሽቶውን ጠየቀችው። በሩ ክፍት ነበር፣ ክፍል ሊጠይቅ ገባ፣ ገና በሩን ሳያልፍ ተነከሰ። ልጄን ጠየቀችው። «አዎ፣ ክፍት ነበር» አለ፣ ማራገቢያውን እያየ። እስክሪብቶዋን አነሳች። «እንግዲህ በአንድ ቁጥር ነው። ሐኪሙ ጓሮ አለ፣ እስከ አሥር ሰዓት ይቆያል።»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ እኔን አልጠየቅሽኝም።»

«እርስዎ በሰዓቱ አልነበሩም እኮ፣ እማማ።»

«የነበረውን ደግሞ አፉን አሰራችሁት። ታዲያ ማን ይናገርለት?»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባሌን፣ መጋዘኑን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን፣ የተቆለፈውን ሳጥኔን፣ ሁሉን ነገርኳት። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ስጨርስ ከሹራቤ ሥር አቃፊውን አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሆዴ ጋር ውሎ ሞቋል። አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። አራቱም ቀዳዳ ብርሃን አስገባ። «እስቲ እጅህን ወዲህ አምጣ» አለችው ሽቶውን። ፋሻውን ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ታዲያ ገና በሩን ሳታልፍ የእማማ ካርታ እጅህ ላይ እንዴት ተገኘ? ይሄ እኮ የፖሊስ ነገር ነው።»

«ኧረ እኔ ሌባ አይደለሁም!» አለ ሽቶው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ዞሮ ልጄን «ተናገር እንጂ፣ ወንድሜ! ራስህ አይደለህ እንዴ ‹ለገዢው አሳይና ከሰዓት መልስልኝ› ብለህ የሰጠኸኝ? እጄን ያስበላኸኝ አንሶ ልታስረኝ ነው?» ብሎ ጮኸበት።

ማራገቢያው ዞረ። ልጄን አየሁት። «አላውቀውም» ቢል ኖሮ አለቃ ያን ጊዜውኑ ተፈቶ ነበር፤ ሽቶው ይታሰራል፣ እኔና ልጄ ቤታችን እንገባለን። አላለም፣ ይህን አልክድበትም። «ሰጥቼው ነው» አለ ዝቅ ብሎ። «ዋጋውን ለማወቅ ብቻ ነው፣ እማዬ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ታዲያ እሱ የሚፈርመው ምን ነበር?» አልኩት። ልጄ ወደ ማራገቢያው አንጋጠጠ። ሽቶውም ጫማውን አየ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እማማ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። የቤቱ ሰው አስገብቶ በእጁ ሰጥቶት ከሆነ ይሄ ሰውዬ ሌባ አይደለም። አንድ ቁጥር ነው፣ ውሻው ይወገዳል።»

«ካርታው እኮ የኔ ነው! እኔ ፈቀድኩ እንዴ?»

«ካልፈቀዱ ልጅዎ ከሳጥንዎ ሰርቋል ማለት ነው። እንደዚያ ብለው ካመለከቱ ሁለት ቁጥር ይሆናል፣ ውሻዎን ይዘው ይሄዳሉ። ግን የሰረቀው ሰው ስም ሳይጻፍ ውሻውን በሁለት ቁጥር መፍታት አልችልም። ማመልከቻው ደግሞ ዛሬውኑ ለፖሊስ ይሄዳል፣ ልጅዎም ከዚህ ወደዚያ።»

«ይሄ ደንብ ሲጻፍ እዚያ ክፍል ውስጥ ውሻ ያለው ሰው አልነበረም?» አልኳት። «እናትስ አልነበረችም?»

«እኔ አልጻፍኩትም፣ እማማ» አለች። እውነቷን ነው። ወረቀቱን አወጣች፣ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋችው፣ ውኃዋን ትጠጣ ጀመር።

አውራ ጣቴን አየሁት። ልጄን በዚህ ጣት ነው ያሳደግኩት፣ ድዱን ሲያሳክከው የነከሰው ይህንን ነው። አልደብቅም፣ ልተወው ነበር። ዝም ብሎ ቢቆም፣ ዝም ብዬ አቃፊዬን አንስቼ፣ አለቃን በዓይኔ ሳላይ ልወጣ ነበር፤ ስንት እናት ከዚህ የባሰ ውጣ አልፋለች። ልጄ ግን ጠጋ አለና፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ደግ በሆነ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ውሻ ነው እኮ» አለኝ።

ቀለሙ ቀዝቃዛ ነው። ጣቴን ነከርኩና ልጅቷ ያሳየችኝ ቦታ ላይ ጫንኩት፣ ጠንክሬ፣ እንዳይደበዝዝ። «ደጄን ለሰው የከፈተው ተርፎ፣ ደጄን የጠበቀልኝ አይሞትም። ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። የልጄን ሙሉ ስም ጠየቀችኝ፤ እኔ አውጥቼ የሰጠሁትን ስም ፊደል በፊደል ጻፈችው። ሽቶው አግዳሚው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። እሱም ቃሉን ስለሚሰጥ አትሄድም ተብሏል።

ልጄ አልተቆጣም። ከኪሱ መሐረብ አወጣና እጄን ያዘኝ፣ ጣቴን ይጠርግልኝ ጀመር። ቀለሙ አይለቅም፣ ዝም ብሎ ይሰፋል፤ እሱም ዝም ብሎ ይጠርጋል። የሁለታችንም ዓይን መሐረቡ ላይ ነው። «መንገዱን ስትሻገሪ ብቻሽን እንዳትሻገሪ፣ ሰው ጠብቂ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

የአለቃን ቀበቶ በሩ ላይ ፈታሁለት። አፉን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋ፣ ምላሱን አወጣ፣ አንገቱን አራገፈ። ደረጃውን ወርደን መንገድ ላይ እንደደረስን ግን ቆመ። ሰንሰለቱን ሳብኩት፣ አልሄደም። ዞሮ የጽሕፈት ቤቱን በር አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና በሩን አየ። ስንመጣ ሦስት ነበርን። «አለቃ፣ ና!» አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎ የማያውቅ ውሻ፣ የኋላ እግሩን ሰብስቦ ደረጃው ሥር ቁጭ አለ፣ ፊቱን ወደ በሩ። ሰው በጎናችን ያልፋል። ልጄ ከዚያ በር እንደማይወጣ፣ ቢወጣም በየት በኩል እንደሚወስዱት፣ ለውሻ እንዴት ይነገራል? ጉልበቴን ይዤ ቀስ ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ አቃፊውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እኔም ፊቴን ወደ በሩ።